የአንድ ሊትር ዘይት ነገር

ባለፈው ወር በዚህ ዐምድ ስለ ልብስ ስፌት መኪና አያያዝ ከጻፍን በኋላ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል የአንዲት እናት ደብዳቤ ወደ ሌላ ጉዳይ መራን። እኚህ እናት እንደሚገልጹልን ልጃቸው ዕቁብ በደረሰው ጊዜ አንዲት ሞተር ብስክሌት ገዝቶ ዕቃ በማመላለስ ቤቱን ይረዳል። ነገር ግን ከጊዜ ወደ ጊዜ «የዘይት» እያለ ገንዘብ ይጠይቃቸዋል። «ቤንዚኑስ ይሁን፤ ስትሄድ ያልቃል። ይህ ዘይት ግን ከሆዷ ውስጥ ተቀምጦ የሚኖር ነገር አይደለምን? ስለ ምን ይቀየራል? ልጄ ያታልለኝ ይሆን?» ሲሉ ይጠይቁናል።

መልሳችን አጭር ነው፤ ልጅዎ አላታለለዎትም። እንዲያውም የዘይት ገንዘብ መጠየቅ ያቆመ እንደ ሆነ ያን ጊዜ ይስጉ። ሆኖም ልጅዎ ከቤት ሊያስቀረው የሚችል ወጪ አለ፤ ይኸውም ዘይቱን ለሚቀይርለት ሰው የሚከፍለው የእጅ ዋጋ ነው። ሥራው በገዛ እጁ ሊሠራው የሚችል ነው፤ ሠላሳ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። ይህን የምንናገረው ከመጽሐፍ ብቻ አንብበን አይደለም፤ ከፍለንበት ነው።

በ2009 ዓ.ም. ነበር። ከደብረ ብርሃን ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ ትምህርት ቤት እናስተምር ስለ ነበረ፥ የእግሩም መንገድ የመኪናውም ጥበቃ ስላሰለቸን፥ የሦስት ዓመት ቍጠባችንን ሰብስበን ከሌላ ሰው እጅ አንዲት ባለ 125 ሲሲ ሞተር ብስክሌት ገዛን። መልካም አገለገለችን። በየሦስት ወሩ በመንገድ ዳር ወደሚሠራ አንድ ሰው እንወስዳታለን፤ እርሱ ከበታችዋ ተኝቶ ሲሠራ እኛ ከአግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ጋዜጣ እናነባለን፤ «ጨርሻለሁ መምህር» ሲለንም ከፍለን እንሄዳለን። ምን እንዳደረገ አንጠይቅም፤ ምን ዓይነት ዘይት እንደ ጨመረም አናይም። እውነቱን ለመናገር፥ ከቤተ ክርስቲያኑም ከዘመናዊውም ትምህርት ቤት ጥቂት የቀመስን ሰዎች ስለ ሆንን፥ እጃችን በጥቁር ዘይት ቢነከር ክብራችን የሚቀንስ ይመስለን ነበር።

በ2011 ዓ.ም. በኅዳር ወር የ12 ዓመት ሴት ልጃችንን ከኋላ አፈናጥጠን በደብረ ሲና ያሉትን ዘመዶቻችንን ጠይቀን ስንመለስ፥ ወደ ጣርማ በር የሚወጣውን ዳገት ገና እንደ ጀመርን ሞተሩ ይደክም ጀመር። ብረት ከብረት ጋር ሲጋጭ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ነበረው፤ የጋለ ብረት ሽታም ይሸተን ነበር። መቆም ሲገባን «ከዳገቱ ጫፍ ብቻ ታድርሰን» ብለን ነዳጅ ጨመርንባት። ከዋሻው ሳንደርስ ሞተሩ በድንገት ነክሶ ቀረ፤ የኋላው ጎማ ቀጥ አለ፤ እኛም ልጃችንም ከመንገዱ ላይ ወደቅን። እኛ ከመላላጥ በቀር የደረሰብን ነገር አልነበረም። የልጃችን የግራ ክንድ ግን ተሰበረ።

አንድ የጭነት መኪና ነጂ ሁለታችንንም ሞተር ብስክሌቷንም ጭኖ ደብረ ብርሃን አደረሰን። በማግስቱ ሌላ መካኒክ ሞተሩን ሲከፍተው በውስጡ የነበረው ዘይት አንዲት የቡና ሲኒ የሚሞላ አልነበረም። «መምህር፥ ዘይቷን ያዩት መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀን። መልስ አልነበረንም። ነገሩ ሲመረመር የማፍሰሻው ቡሎን ከልክ በላይ ተጠብቆ ጥርሱ ተበልቶ ኖሮ ዘይቱ ለሳምንታት ጠብ ጠብ ሲል ከርሟል። ቡሎኑን ያጠበቀው ሰው ጥፋት አለበት። ነገር ግን በየማለዳው ከደጃችን አፈር ላይ ጥቁሩን ነጠብጣብ እያየን «የሌላ ሰው መኪና ያፈሰሰው ይሆናል» ብለን ያለፍነው እኛ ነን። ባለቤታችን የልጅቱን ክንድ በጀሶ ታሽጎ ባዩ ጊዜ የተናገሩት አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «እኔ ሽሮ ጥጄ ስወጣ እንኳ ሁለት ጊዜ ተመልሼ አያለሁ፤ እርስዎ እንዴት ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ጊዜ አላዩም?» አሉን። ጥገናው የሁለት ወር ደመወዛችንን ጨረሰ። ያ ክንድ ቢድንም ውርጭ በወረደ ጊዜ እስከ ዛሬ ይሰማታል።

እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እንናገር፤ ያን ቀን ብናውቀው ኖሮ ምናልባት አንወድቅም ነበር። ሞተር በጕዞ ላይ ሲነክስ ወዲያውኑ የግራ እጅን ፍሪሲዮን ጨብጦ መያዝ ጎማውን ከሞተሩ ይለየዋል፤ ጎማውም እየተሽከረከረ ወደ መንገዱ ዳር ያደርሳል። ለልጆቻችሁ ንገሩልን።

አሁን ወደ እናታችን ጥያቄ እንመለስ፤ ዘይቱ ስለ ምን ይቀየራል? የኛ ሞተር ብስክሌት ሞተር የጃፓኑ ኩባንያ ሆንዳ ሲጂ 125 ብሎ የሠራው ሞተር ቅጂ ነው፤ በቻይና የሚሠሩ ብዙ ሞተር ብስክሌቶች የዚህ ቅጂ ናቸው። በዚህ ሞተር ውስጥ የሚመላለሰው ፒስቶን ወርዱ 56.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን ከታች እስከ ላይ የሚሄደው 49.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከጣት የማይረዝም መንገድ ነው። ነገር ግን ሞተሩ በደቂቃ 6000 ጊዜ ሲዞር ፒስቶኑ በአንድ ሰከንድ 100 ጊዜ ወጥቶ 100 ጊዜ ይወርዳል፤ ቢደመር በየሰከንዱ ወደ 10 ሜትር የሚጠጋ መንገድ ነው። በፒስቶኑና በሲሊንደሩ ግድግዳ መካከል ያለው መጋረጃ ከጠጕር የቀጠነ የዘይት ሽፋን ብቻ ነው። ያ ሽፋን ሲጠፋ ፒስቶኑ ይግላል፤ ከአሉሚኒየም የተሠራ ስለ ሆነ ከሲሊንደሩ ብረት ይልቅ ቶሎ ይሰፋል፤ ሰፍቶም ግድግዳውን ይነክሳል። በጣርማ በር ዳገት ላይ የሆነው ይኸው ነው።

ደግሞ የመኪናና የትንሽ ሞተር ብስክሌት ዘይት ሥራው አንድ አይደለም። በመኪና የሞተሩ ዘይት ለሞተሩ ብቻ ነው፤ የማርሹ ዘይት ሌላ ነው፤ ፍሪሲዮኑም በደረቁ ይሠራል። በነዚህ ባለ ማርሽ ሞተር ብስክሌቶች ግን ያው አንድ ሊትር የማይሞላ ዘይት ሞተሩንም፥ ማርሹንም፥ ፍሪሲዮኑንም ያገለግላል፤ አንድ ሎሌ በሦስት ቤት እንደሚያድር ያለ ነው። የማርሹ ጥርሶች ዘይቱን እየፈጩ ያቀጥኑታል፤ ከቃጠሎው የሚመጣው ጥላሸት ይገባበታል፤ አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ ሞተር በደንብ ስለማይሞቅ ውሃና ቤንዚን ይቀላቀልበታል። በጾም ወራት ደጋግማችሁ የጠበሳችሁበትን የምግብ ዘይት አስቡ። መጠኑ ከመጥበሻው ውስጥ አለ፤ ዘይትነቱ ግን አልቋል።

ስለዚህ ስለ ሲጂ 125 ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ታሪክ አለ። ከርሱ በፊት ሆንዳ ይሸጣቸው የነበሩ ባለ 125 ሲሲ ሞተሮች ቫልቮቹን የሚከፍተውና የሚዘጋው የካም ዘንግ ከሲሊንደሩ ራስ ላይ የተቀመጠ ነበር። በእስያና በሌሎችም ታዳጊ አገሮች ያሉ ገዢዎች ግን እስኪሰበር ድረስ ሞተሩን አይነኩትም፤ ዘይቱንም በጊዜው አይቀይሩትም። ዘይት ሲያንስና ሲበላሽ አስቀድሞ የሚጐዳው ከላይ፥ ከዘይቱ ማጠራቀሚያ ርቆ ያለው ክፍል ነው። መሐንዲሶቹ ይህን ከተረዱ በኋላ ካሙን ወደ ታች፥ ወደ ዘይቱ አቅራቢያ አውርደው ቫልቮቹን በረጃጅም ዘንጎች የሚገፋ ሞተር ሠሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ ዋለ። አንባቢ ሆይ፤ እንግዲህ እኛ የነዳነው ሞተር ዘይት ለማይቀይር ሰው ታስቦ የተሠራ ሞተር ነበር ማለት ነው! እርሱን እንኳ ማድረቅ ችለናል። በዚህ የተነሣ ያፈርነው እፍረት ቀላል አልነበረም።

ዘይት ሲገዛ በጠርሙሱ ላይ ሁለት ነገር ይነበባል። የመጀመሪያው «20 ደብልዩ 50» ወይም «10 ደብልዩ 40» የሚለው ነው። ከ«ደብልዩ» በፊት ያለው ቍጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ ምን ያህል እንደሚወፍር ያመለክታል፤ ቍጥሩ ሲያንስ በብርድ ቶሎ ይፈስሳል። ኋለኛው ቍጥር ሞተሩ ሲግል ምን ያህል ወፍሮ እንደሚቆይ ያሳያል። ይህን ለመረዳት የኛን አገር መንገድ መመልከት ይበቃል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት፤ በታኅሣሥ ማለዳ ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ይታያል። በዚያው ቀን ጣርማ በርን ተሻግሮ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ሰው እኩለ ቀን ላይ 1300 ሜትር ከማይሞላ ቈላ ይገኛል። ሞተሩ ግን አንድ፥ ዘይቱም አንድ ነው። ሁለት ቍጥር ያለው ዘይት የተፈለሰፈው ለእንዲህ ያለው መንገደኛ ነው። የትኛው ቍጥር እንደሚስማማ የሞተር ብስክሌቷ መመሪያ ይናገራል፤ መመሪያው ከጠፋ ተመሳሳይ ሞተር የሚያውቅ መካኒክ ይጠየቅ።

ሁለተኛው «ጃሶ ኤም ኤ» የሚለው ምልክት ነው። ይህ የጃፓን የተሽከርካሪ ደረጃ አውጪ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣው መለያ ሲሆን ዘይቱ በዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን የተስማማ መሆኑን ይመሰክራል። ብዙ ሰዎች «ውድ ነው፤ እንግዲህ መልካም ነው» ብለው ለዘመናዊ መኪና የተዘጋጀ ዘይት ይጨምራሉ። እንዲህ ካለው ዘይት አንዳንዱ እጅግ የሚያንሸራትት ቅመም ስላለበት የፍሪሲዮኑን ሳሕኖች ያንሸራትታቸዋል፤ ሞተሩ ይጮኻል፥ ብስክሌቷ ግን አትሄድም። ደግሞም ማኅተሙ ያልተነካ ጠርሙስ ከምታውቁት መደብር ግዙ፤ ባዶውንም ጠርሙስ ስትጥሉ ቀዳችሁ ጣሉት፤ አሮጌ ዘይት ሞልተው መልሰው የሚሸጡ ሰዎች አይጠፉምና።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፤ ለማፍሰሻው ቡሎን ልክ የሆነ መፍቻ (በብዙዎቹ ትንንሽ ሞተሮች 17 ቍጥር ነው)፥ ለዚህ ሥራ ብቻ የሚሆን አሮጌ ሳፋ፥ ንጹሕ ጨርቅ፥ አዲስ ሮንዴላ፥ ዘይት። ለመገልበጫ የሚሆን ነገር ከሌለ የፕላስቲክ ጠርሙስ አናቱን ቈርጦ መገልበጥ ይበቃል።

አስቀድሞ ሞተሩን አስነሥቶ ሦስት ወይም አምስት ደቂቃ ማሞቅ ነው። የሞቀ ዘይት ቀጥኖ ይወርዳል፤ ከታች የዘቀጠውንም ይዞ ይወጣል። ይህ ግን በውጭ እንጂ በዝግ ክፍል ውስጥ ከቶ አይደረግ፤ ከማርሚታው የሚወጣው ጢስ ሽታ የሌለው መርዝ አለበት፥ ሰው ይገድላል። ከረጅም ጕዞም ወዲያው አትጀምሩ፤ የጋለ ዘይት እጅን ይልጣል። ከዚያ በኋላ ሞተሩን አጥፍቶ ብስክሌቷን በመካከለኛው ማቆሚያ ቀጥ አድርጎ ማቆም፥ ከላይ ያለውን የዘይት መለኪያ ዘንግ ፈትቶ ማውጣት፥ ሳፋውን ከበታች ማድረግ፥ ቡሎኑን መፍታት። በመጨረሻው ዙር ላይ ቡሎኑን በጣት ወደ ላይ እየገፉ መፍታት ዘይቱ በክንድ ላይ እንዳይወርድ ያደርጋል። የመጀመሪያ ጊዜ ይህን አላወቅንምና እስከ ክርናችን ጠቁረን ነበር፤ ባለቤታችን ሸሚዙን ዛሬም ድረስ ያነሡታል።

አሥር ደቂቃ ያህል ይንጠፍጠፍ። በዚህ ጊዜ ዘይቱን መመልከት ያስፈልጋል፤ እኛ ከሥራው ሁሉ የምንወድደው ይህን ነው፤ ዘይቱ ይናገራልና። መጥቈሩ ብቻውን አያስደነግጥ፤ ዘይቱ ጥላሸቱን ከብረቱ ላይ አጥቦ ተሸክሞት ነው። ነገር ግን ወተት የተቀላቀለበት ቡና የመሰለ እንደ ሆነ ውሃ ገብቶበታል። ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት እንደ ሆነ ካርቡራቶሩ እያፈሰሰ ነው። በጣታችሁ መካከል አሽታችሁ ለፀሐይ ስታሳዩት እንደ ብር ዱቄት የሚያብለጨልጭ ነገር ካለበት አንድ ብረት እየተበላ ነው፤ ሞተሩ አዲስ ካልሆነ በቀር ወደ ባለሙያ ውሰዱት። አዲስ ሞተር ግን በመጀመሪያዎቹ መቶዎች ኪሎ ሜትሮች ብረቶቹ እርስ በርሳቸው ሲለማመዱ ጥቂት ዱቄት ያወጣል፤ ከ500 እስከ 1000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ የመጀመሪያው ዘይት የሚቀየረውም ስለዚህ ነው።

ቡሎኑን ጠርጎ በአዲስ ሮንዴላ መመለስ ነው። እዚህ ላይ እንድንዘገይ ፍቀዱልን። ቡሎኑ ብረት ነው፤ የሚገባበት የሞተሩ ሆድ ግን አሉሚኒየም ነው፥ እርሱም ለስላሳ ነው። ስለዚህ ቡሎኑ በመጀመሪያ በጣት ብቻ እየዞረ እስከ መጨረሻው ይግባ፤ በጣት እንቢ ካለ ጠምሞ ገብቷልና ተፈትቶ እንደ ገና ይጀመር። ከዚያ በመፍቻው ከተያዘ በኋላ ጥቂት ብቻ ይጥበቅ። በመፍቻው ላይ ቧንቧ እየጨመሩ፥ በእግርም እየረገጡ የሚያጠብቁ ሰዎች አሉ፤ ለጥንቃቄ ያደረጉት ይመስላቸዋል። የአንዲት ልጅ ክንድ የተሰበረው እንዲህ ካለው ጥንቃቄ የተነሣ መሆኑን ነግረናችኋል።

አዲሱን ዘይት ሲጨምሩ ጠርሙሱን ሙሉ መገልበጥ አይገባም። ብዙዎቹ ባለ 125 ሲሲ ሞተሮች ሲቀየር የሚወስዱት ከ1 ሊትር ጥቂት ያነሰ ነው። ሞተሩን ሁለት ደቂቃ አሠርቶ፥ አጥፍቶ፥ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቆ መለካት ነው። ዘንጉ ተጠርጎ ይገባል፤ በሆንዳና በሆንዳ ቅጂዎች ዘንጉ ሳይጠመዘዝ ዐርፎ ነው የሚለካው፤ በሌሎች መመሪያውን ተመልከቱ። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል፥ ወደ ላይኛው ጠጋ ብሎ ይታይ። ብስክሌቷ በጎን ማቆሚያ ተዘንብላ የተለካ ልክ ሐሰተኛ ነው። ከላይኛው ምልክት ማለፍም ጕዳት ነው፤ ዘንጉ ዘይቱን እየመታ አረፋ ያደርገዋል፥ አረፋ ደግሞ ብረትን አይጠብቅም፤ ትርፉም በአየር መተንፈሻው ወደ ውጭ ይገፋል።

ስንት ጊዜ ይቀየር? መመሪያዎች እንደየሞተሩ ይለያያሉ፤ ብዙዎቹ ከ2000 እስከ 4000 ኪሎ ሜትር ይላሉ። አቧራ በበዛበት መንገድ፥ ወይም ዕቃ ጭኖ በከተማ ውስጥ ቆም ሄድ ለሚል ሰው ከመመሪያው ማሳጠር ይሻላል። የእናታችን ልጅ ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ከሆነ በወር አንድ ጊዜ ቢቀይር አያስደንቅም። ከመቀየሩ ይበልጥ ግን ማየቱ ይቀድማል። መኪና ዘይቱ ሲጐድል ቀይ መብራት ታበራለች፤ ከነዚህ ትንንሽ ሞተር ብስክሌቶች ግን አብዛኞቹ እንዲህ ያለ መብራት የላቸውም። ዘንጉን በሳምንት አንድ ጊዜ ማውጣት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው እዚህ ላይ ነው።

የቀሩትን ባጭሩ እንለፋቸው። የአየር ማጥሪያው፥ መካኒኮቹ ፊልትሮ የሚሉት፥ በበጋ ቶሎ ቶሎ መታየት አለበት፤ የመንገዳችን አቧራ ውስጥ ያለው ጥቃቅን አሸዋ ከብረት የጠነከረ ነውና ወደ ሲሊንደሩ ከገባ እንደ ሞረድ ይበላዋል። ከስፖንጅ የተሠራው ዓይነት በሳሙና ውሃ ታጥቦ፥ ደርቆ፥ ጥቂት ዘይት ነክቶት ተጨምቆ ይመለሳል፤ የወረቀቱ ዓይነት አይታጠብም፥ ይራገፋል፤ ሲያረጅ ይለወጣል። በቤንዚን ማጠብ ግን እሳት መጥራት ነው። ካንዴላው ሲፈታ ጫፉ የደረቀ ቡኒ ሆኖ ቢገኝ ሞተሩ ደኅና ነው፤ በዘይት ርሶ ቢገኝ የፒስቶኑ ቀለበቶች ወይም የቫልቩ መዝጊያዎች አርጅተዋል። በደረቅ ጥላሸት የጠቈረ እንደ ሆነ ቤንዚኑ ከአየሩ በዝቷል፤ በደብረ ብርሃን ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል የቀጠነ ስለ ሆነ ለቈላ የተስተካከለ ካርቡራቶር ደጋ ሲወጣ ይህን ማሳየቱ የታወቀ ነው። ካቴናው ወደ ላይና ወደ ታች ሲነካ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ይንቀሳቀስ፤ ይጽዳ፥ ዘይትም ይቀባ።

ቫልቭ ማስተካከል ግን፥ ፍሪሲዮን መክፈት ግን የኛ ሥራ አይደለም። የቫልቩ ክፍተት የ1 ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም፤ እርሱን የተማረ ሰው ይሥራው። እጃችን ዘይት ከነካ ወዲህ ለመካኒኮች ያለን አክብሮት አልቀነሰም፥ ጨመረ እንጂ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አውጥተው ነበር፤ እኛ ግን ከአግዳሚው ወንበር ላይ ጋዜጣ ይዘን በተቀመጥንበት ጊዜ ስድቡን በቃል ባንናገረው በልባችን ይዘነው ነበር።

የወጣውን አሮጌ ዘይት በተመለከተ እናቶች ይስሙን። የመጠጥ ውሃ በነበረበት ፕላስቲክ ውስጥ ፈጽሞ አይቀመጥ፤ ሕፃን ያነሣዋል። ክዳን ባለው፥ ምልክትም በተደረገበት ጀሪካን ተጠራቅሞ አሮጌ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ይሰጥ እንጂ ወደ ቦይ ወይም ወደ ጓሮ አይደፋ፤ ከጕድጓድ ውሃ ይደርሳልና። ምስጥ ይከላከላል ብለው የቤት ምሰሶ የሚቀቡበት፥ ለከብትም መዥገር የሚያደርጉት አሉ። በተቃጠለ ዘይት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ቈዳን ሲነካ ካንሰር የሚያመጣ ነገር አለበትና ይህ ልማድ ቢቀር መልካም ነው። እጅም ከሥራው በኋላ ወዲያው በሳሙና ይታጠብ።

የዘይቱን ነገር የምንመዘግብባት አንዲት ደብተር አለችን፤ ቀኑ፥ ኪሎ ሜትሩ፥ የዘይቱ ዓይነት፥ የወጣው ዘይት መልክ ይጻፍባታል። የመጀመሪያውን መስመር የጻፍነው ልጃችን ክንዷን በጀሶ አስራ አጠገባችን ቆማ የእጅ ባትሪ እያበራችልን ነበር። ዛሬ ዐዋቂ ሆናለች። ባለፈው ቅዳሜ ዘይቱን ስንቀይር ሳፋውን አቀረበች፥ ዘይቱን በጣቷ አሽታ ለፀሐይ አየችው፥ ሮንዴላውን ለወጠች። እኛም መፍቻውን ለማንሣት እጃችንን ስንዘረጋ፥ «አባባ፥ እርስዎ ደብተሩን ይያዙ፤ ቡሎኑን እኔ አጠብቀዋለሁ» አለችን።